ዋሻው እስኪከፈት

(ኮሎራዶ፤ የሚያዝያ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ከተራራው ወደ ዴንቨር የሚወርደው መኪና ሁሉ ከአይዘንሃወር ዋሻ በስተምዕራብ ተደርድሮ ቆሟል። ጋሼ ስኪ ወዳጆችን ከአየር ማረፊያ ወደ ቬይልና ብሬክንሪጅ የሚያመላልሱ የሻትል ሾፌር ናቸው፤ በደርግ ጊዜ መድፈኛ ነበሩ። ሚጡ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ክረምቱን በስኪ ሱቅ እየሠራች፣ በረዶ የጣለበትን እየተከተለች ከርማለች። የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሼ፦ ይኸው ቆምን። ሞተሩን ላጥፋው፤ ይሄ ቶሎ የሚፈታ አይመስልም። በይ እስቲ ንገሪኝ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ምን ፍለጋ ነው ስትዞሪ የከረምሽው? እናትሽ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ልጄን አየሃት ወይ?» ስትለኝ «በረዶ ታሳድዳለች» ማለቱን አፍሬ «ሥራ ላይ ናት» እላታለሁ።

ሚጡ፦ ውሸት አልነገሯትም። ከቀትር በኋላ እስከ ማታ ሱቅ ነኝ። የሰው ስኪ ጠረጴዛ ላይ አስሬ ጠርዙን በሞረድ እስላለሁ፣ ከሥሩ በካውያ ሰም እቀባለሁ። ሰሙም እንደ ብርዱ ነው፤ ለከባድ ብርድ ጠንካራው፣ ለሚያዝያ ፀሐይ ለስላሳው። ካውያው ከጨሰ ሰሙ ተቃጠለ ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ መፋቂያ እፍቀዋለሁ፤ ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ ቡናዬ ሳይቀር ፍቅፋቂ ይሞላዋል። ጠዋቱ ግን የራሴ ነው።

ጋሼ፦ እኔም የምጠይቅሽ ስለ ጠዋቱ ነው። እነዚህን ሰዎች ስንት ዘመን አመላለስኳቸው። ገና ቀበቶ ሳያስሩ ስልካቸውን ያወጣሉ። አንዱ «ስምንት ኢንች» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ አሥራ አራት ነው የሚሉት» ይላል። የወንድሙን ሠርግ ትቶ መምጣቱን እየሳቀ ያወራ ሰውም ሰምቻለሁ። እኔ ያንኑ በረዶ ጎማ ላይ ሰንሰለት እያሰርኩ ስረግመው ነው የምውለው።

ሚጡ፦ ኢንቹ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ክብደቱ ነው። ደመናው ውስጥ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቅንጣቷ ባለ ስድስት ክንፍ ኮከብ ሆና ታድጋለች። ነፋስ ሳይሰባብራቸው ከወረዱ ክንፍ ለክንፍ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው አብዛኛው አየር ነው። ፓውደር የምንለው እንዲህ ያለ አዲስ ለስላሳ በረዶ ነው፤ ጥሩው ቢቀልጥ ከመቶው ሰባት ስምንት እጁ ብቻ ነው ውሃ የሚወጣው። እዚያ ውስጥ ሲገቡ ስኪው መሬት አይነካም። ሲታጠፉ በረዶው እስከ ደረት ይነሳል፣ ፊት ላይ ይበተናል፣ ለአፍታ ምንም አይታይም፤ እንደገና ይገለጣል። ድምፅ የሚባል የለም።

ጋሼ፦ ስንት ደቂቃ?

ሚጡ፦ ምኑ?

ጋሼ፦ ይሄ የምትይው ነገር። ስንት ደቂቃ ይቆያል?

ሚጡ፦ አንዱ ቁልቁለት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ከተከፈተ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ያልተረገጠ ቦታ አይገኝም።

ጋሼ፦ ለሁለት ደቂቃ የወንድም ሠርግ!

ሚጡ፦ ሠርጉንስ እኔም አልተውም። ግን ሁልጊዜ ቢገኝ ማን በሌሊት ይነሳ ነበር? ወቅቱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ጥቅምት ላይ እዚሁ አጠገባችን ሎቭላንድና አራፓሆ ቤዚን ቀድመው ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ። በማሽን የተረጨ በረዶ አንዲት ቀጭን መስመር ላይ ይነጠፋል፤ ግራ ቀኙ ገና ሣርና ድንጋይ ነው፤ ዴንቨር በሙሉ እዚያች መስመር ላይ ይጋፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ትንበያ ማንበብ ነው። ጥር ሲገባ ጓደኞቼ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ገንዘብ ያላቸው ጃፓን ሄዱ።

ጋሼ፦ እዚህ በረዶ ጠፍቶ ነው ጃፓን?

ሚጡ፦ የሳይቤሪያ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበቱን ይጠጣል፤ ሆካይዶ ተራራ ላይ ሲደርስ ያራግፈዋል። ኒሴኮ በአንድ ክረምት ወደ 15 ሜትር ይጥላል፤ ጥር ላይ ፀሐይ ሳያዩ መሰንበት አለ። እኔና መኪና ያለው አንድ ልጅ ግን ወደ ዩታ ነዳን፤ አልታ ወደሚባለው። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው፤ እስከ ዛሬ ስኖውቦርድ አያስገቡም። በ2022–23 ክረምት 903 ኢንች ጣለባቸው፤ ወደ 23 ሜትር መሆኑ ነው።

ጋሼ፦ ፎቅ ነው እኮ!

ሚጡ፦ አንድ ላይ አይቆምም እንጂ አዎ። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ የመኪናው መንገድ ናዳ በሚወርድባቸው ቦታዎች ሥር ነው የሚያልፈው። ብዙ ሲጥል ኢንተርሎጅ ይታወጃል፤ ከቤት መውጣት በሕግ ክልክል ይሆናል። ሰው በሆቴሉ ኮሪደር በካልሲ እየተመላለሰ በመስኮት ያያል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ጎህ ሲቀድ መድፉ ይጀምር ነበር።

ጋሼ፦ የምን መድፍ?

ሚጡ፦ የእውነት መድፍ ነዋ። 105 ሚሊሜትር ሃውዘር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ሞንቲ አትዎተር የሚባል ከተራራ ጦር የተመለሰ ሰው አልታ ላይ በደን መሥሪያ ቤቱ ተቀጠረ። የተከመረው በረዶ ሰው ላይ ከመውረዱ በፊት በፈንጂና በመድፍ እንዲወርድ ማድረግን እዚያ ነው ያዳበረው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተራራው በመድፍ ሲደበደብ ኖሯል።

ጋሼ፦ የኛ ዲ-30 ነበር፤ 122 ሚሊሜትር። ሌሊት ስንተኩስ ከማዶ ማን እንዳለ አናውቅም ነበር፤ ለማወቅም የሚፈልግ አልነበረም። ሰው እንዳይሞት ተብሎ መድፍ ሲተኮስ ስሰማ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ተኳሾቹ እነማን ነበሩ? ወታደሮች?

ሚጡ፦ በመንገዱ ላይ የመንገድ ባለሥልጣን ሠራተኞች ነበሩ፤ በስኪው ክልል ውስጥ ደግሞ ፓትሮሎች የሚባሉት የተራራው ደኅንነት ጠባቂዎች። በየጠዋቱ በጨለማ ወጥተው በእጃቸው ፈንጂ የሚወረውሩ አሉ። እኛ ሊፍት ሥር ቡና ይዘን ስንሰለፍ እነሱ ግማሽ ቀናቸውን ጨርሰዋል።

ጋሼ፦ ደመወዛቸውስ?

ሚጡ፦ እሱን ነው የሚጠይቁት አይደል! ፓርክ ሲቲ ላይ በ2024 መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ ፓትሮሎቹ ሥራ አቆሙ። መነሻ ክፍያው በሰዓት 21 ዶላር ነበር፤ 23 ይሁን ነው ያሉት። ወደ ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ቆሙ። ያን ሰሞን የተራራው ትልቁ ክፍል ሳይከፈት፣ ለበዓል ከሩቅ የመጣ ሰው ሊፍት ሥር እንደተሰለፈ ዋለ። በመጨረሻ ሁለቱን ዶላር አገኙ።

ጋሼ፦ አበጁ። ለአንድ ቀን ሊፍት ቬይል ላይ ከ300 ዶላር በላይ ሲያስከፍሉ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ መንገደኛ ሲነግረኝ አላምን ብዬ በስልኩ አሳየኝ። ለፈንጂ ወርዋሪው ሁለት ዶላር ሊከብዳቸው!

ሚጡ፦ የቀን ቲኬቱን ያስወደዱት ሰው የዓመቱን ፓስ እንዲገዛ ነው። በ2008 ኤፒክ የሚባለው ፓስ በ579 ዶላር ወጣ፤ በ2018 አይኮን ተከተለ። በረዶ ሳይጥል በጸደይና በበጋ ይሸጡታል፤ ዝናብ ይሁን ድርቅ ኩባንያው ገንዘቡን ይዟል። እንደ እኔ ላለ ሰው ረከሰ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያለ እሱ እኔም አልወጣም ነበር። ግን ይሄ አሁን ያለንበት ሰልፍ ከፊሉ የዚያ ውጤት ነው። አንድ ፓስ ገዝቶ ሁሉም አንድ ቅዳሜ፣ አንድ መንገድ ላይ።

ጋሼ፦ እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ሰልፍ ነው፤ ብዙም አልረግመውም። ይልቅ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጆቹ መኪናዬ ውስጥ የሚያዩት ፊልም አለ፤ አንዱ ከገደል ይዘላል፣ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ያርፋል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ ባንዲራችንን ይዞ ሲገባ ሁላችንም ቆመን አጨብጭበናል። የሱና የዚህ ዝምድናው ምንድን ነው?

ሚጡ፦ ስኪ መባላቸው ብቻ። የሮቤል አገር አቋራጭ ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር በራሱ ሳንባ። ሊፍት የለ፣ ገደል የለ። የሯጭ አገር ሰው ስለሆንን ያ ወዲያው ይገባናል። ይሄኛው ከጠብ ነው የተወለደው።

ጋሼ፦ ከማን ጋር?

ሚጡ፦ ከደንብ ጋር። ዋረን ሚለር ከ1950 ጀምሮ በየዓመቱ የስኪ ፊልም እየሠራ በየከተማው አዳራሽ ያሳይ ነበር፤ የጨዋ ቤተሰብ ፊልም ነው። በ1988 ግሬግ ስተምፕ «ዘ ብሊዛርድ ኦቭ አህስ» የሚለውን ይዞ መጣ። ግሌን ፕሌክ ፀጉሩን መሀል ለመሀል አቁሞ፣ ቀለም ነክሮ፣ ስኮት ሽሚት ከገደል እየዘለለ፣ ፈረንሳይ ሻሞኒ ላይ ሐኪም የማያዝዘውን ሁሉ ሲሠሩ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ነው ወጣቱ ሥራውን እየለቀቀ መኪና ውስጥ እያደረ በረዶ መከተል የጀመረው ይላሉ። ከዚያ በፊትም ነበር፤ ግን ፊልሙ መልክ ሰጠው።

ጋሼ፦ ጠቡስ?

ሚጡ፦ ጠቡ በ1990ዎቹ ነው። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ጉብታ ላይ በሚወዳደሩት ላይ ደንብ አጥብቆ ነበር፤ እግርን ከራስ በላይ ማድረግ ክልክል። አሠልጣኙ ማይክ ዳግላስ ከጥቂት የካናዳ ልጆች ጋር፣ ከጄፒ ኦክሌር፣ ከጄኤፍ ኩሶንና ከቪንሰንት ዶርዮን ጋር፣ ውድድሩን ትተው ስኖውቦርድ ልጆች ወደሚጫወቱበት ሄዱ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ፣ ሁለቱም ጫፉ የተቀለበሰ ስኪ ንድፍ ይዘው ኩባንያዎችን ደጅ ጠኑ። የተቀበላቸው ሳሎሞን ነው፤ በ1998 ቴንኤይቲ ተብሎ ወጣ። ዛሬ ከሱቃችን መደርደሪያ ግማሹ የዚያ ስኪ ልጅ ነው። ሌላው ግማሽ የሼን መኮንኪ ነው።

ጋሼ፦ መኮንን?

ሚጡ፦ መኮንኪ! ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ቀልደኛ። የድሮ ስኪ ቀጭን ነበር፤ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ጫፉ እየሰመጠ ሰውን በግንባሩ ይተክለዋል። ሰውዬው «በረዶ ውሃ ነው፤ ለውሃ የሚሆን ነገር ሥሩልኝ» ባይ ነበር። አላስካ ላይ የውሃ ስኪ እግሩ ላይ አስሮ ተራራ ወረደበት። ቀጥሎ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቮላንት የሚባለው ኩባንያ ስፓቱላን ሠራለት። መሀሉ ሰፊ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ የተለመጡ። ሰው ሳቀበት። አሁን ፓውደር ላይ የሚወጣ ሰው እግር ላይ ያ ሐሳብ የሌለበት ስኪ አያገኙም። ደካማ ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ ጥልቅ በረዶ ውስጥ መሄድ የቻለው በሱ ነው።

ጋሼ፦ ፌዴሬሽኑስ ዝም አለ?

ሚጡ፦ በመጨረሻ ገዛቸው። ሣራ በርክ የምትባል ካናዳዊት ሃፍ ፓይፕ፣ በግማሽ ቧንቧ መሰል በረዶ ላይ የሚሠራው ስኪ፣ ኦሎምፒክ እንዲገባ ለዓመታት ተሟገተች፤ በ2014 ሶቺ ላይ ገባ። ከገደል ላይ የሚወዳደሩበት ፍሪራይድ ወርልድ ቱር ደግሞ ፍጻሜው ስዊዘርላንድ ቨርቢየ፣ ቤክ ዴ ሮስ የሚባል አስፈሪ ቋጥኝ ላይ ነው። በ2022 ፌዴሬሽኑ እሱንም ጠቀለለው።

ጋሼ፦ ከአባታቸው ቤት ሸሽተው በአባታቸው ቤት ተዳሩ በይኛ።

ሚጡ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን አላዝንም። ዳኛ ከሌለ ሽልማት የለም፤ ሽልማት ከሌለ የሀብታም ልጅ ብቻ ነው የሚቀረው። ኦሎምፒክ ከገባ በኋላ መንግሥት የሚከፍላቸው አሠልጣኞች በየአገሩ ተገኙ።

ጋሼ፦ ሣራ የምትያት ሶቺ ላይ አሸነፈች?

ሚጡ፦ አላየችውም። በጥር 2012 ፓርክ ሲቲ ልምምድ ላይ ወድቃ ሞተች።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። የስኪው ቀልደኛስ?

ሚጡ፦ መኮንኪ… በመጋቢት 2009 ጣልያን፣ ዶሎሚቲ ላይ። ከገደል በስኪ ዘሎ አየር ላይ ስኪውን አውልቆ ፓራሹት የሚከፍትበት ጨዋታ ነበረው። ስኪው አልወልቅ አለው፤ ሲወልቅ ጊዜው አልፏል።

ጋሼ፦ ጄፒ ያልሽውስ?

ሚጡ፦ በ2014 መስከረም፣ ፓታጎኒያ። ናዳ። አንድሬያስ ፍራንሶን ከሚባል የስዊድን ጓደኛው ጋር።

ጋሼ፦ እንግዲህ ስማቸውን በፍቅር የጠራሽልኝን ቁጠሪያቸው። እኔ ልቆጥርልሽ አልፈልግም።

ሚጡ፦ ግሌን ፕሌክ ግን ተርፏል። በ2012 ሂማላያ፣ ማናስሉ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ሳለ ናዳ ወስዶት…

ጋሼ፦ ማጽናኛሽ ይሄ ነው?

ሚጡ፦ አይደለም። ልክ ነዎት፣ አይደለም። ግን በነሱ አይመዝኑት። እነሱ ካሜራ ፊት ይኖሩ የነበሩ ናቸው። አብዛኛው ሰው እንደ እኔ ነው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ከሰዓት ሥራ ይገባል።

ጋሼ፦ ካሜራው ሌላ፣ ተራራው አንድ ነው። አሁን ቀጥ ያለ ነገር ልጠይቅሽ። መድፍ በማይደርስበት፣ ፓትሮል በሌለበት ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?

ሚጡ፦ እሄዳለሁ።

ጋሼ፦ ምን ይዘሽ?

ሚጡ፦ ሦስት ነገር። ደረቴ ላይ ቢከን አለ፤ ሲግናል የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ናዳ ከቀበረኝ ጓደኞቼ በነሱው ቢከን ይፈልጉኛል። ታጣፊ ረጅም ዘንግ አለ፤ በረዶውን እየወጋ ሰውነት የት እንዳለ ይነግራል። አካፋ አለ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ነው የሚያሽቆለቁለው። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አይጠበቅም። ያለዎት አብሮዎት የወጣው ሰው ነው።

ጋሼ፦ እዚህ አገር ተራራው ክፉ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

ሚጡ፦ ከአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ሁሉ በናዳ ብዙ ሰው የሚሞትበት ኮሎራዶ ነው። በ2020–21 ክረምት በአገሪቱ 37 ሰው ሞተ፤ 12ቱ እዚህ። ጣጣው ያለው ጥቅምት ላይ ነው።

ጋሼ፦ የጥቅምት በረዶ ከጥር ሞት ጋር ምን አገናኘው?

ሚጡ፦ ጥቅምት ላይ ስስ ሆኖ ይጥልና ለሳምንታት ሰማዩ ይጠራል። መሬቱ የበጋውን ሙቀት ገና አልተወም፤ ሌሊቱ ግን ቆራጭ ነው። ከሥር ሙቀት፣ ከላይ ብርድ ሲሆን እንፋሎቱ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ወደ ላይ ይጓዛል። ያቺ ኮከብ ክንፏ ይረግፍና ማዕዘን ያላት ደረቅ ፍሬ ትሆናለች። አንዷ ከሌላዋ አትያያዝም። ጎተራ ውስጥ ጤፍ ላይ ቆመው ያውቃሉ?

ጋሼ፦ በልጅነቴ። እስከ ጉልበት ይውጥሻል። እናቴ አርጩሜ ይዛ ነው ያወጣችኝ።

ሚጡ፦ እንግዲያው ገብቶዎታል። ያ ጤፍ ከሥር ተቀምጦ ታኅሣሥና ጥር ላይ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር በረዶ ይጫንበታል። ላዩን ነፋስ እየደለደለ አንድ ወጥ ያደርገዋል። ሰው ሲረግጠው ሥሩ ይከዳል። «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል፤ የቆሙበት ዝቅ ይላል። ሜዳ ላይ ከሆኑ ደንግጠው ይቀራሉ። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ከሆኑ ግን ላዩ ሁሉ ተሰንጥቆ ይዞዎት ይሄዳል። ያን ቀን ከላይ ያለው በረዶ የዓመቱ ምርጥ ፓውደር ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ይሄን ሁሉ እያወቃችሁ ነው የምትሄዱት ማለት ነው።

ሚጡ፦ የሞቱትም ያውቁ ነበር። በየካቲት 2012 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ተነል ክሪክ የሚባል ቦታ አለ። በአንድ ጠዋት ወደ አሥራ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች አብረው ወጡ። ጀማሪ አልነበሩም፤ ቦታውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ስለ ስኪ የሚጽፉ፣ ውድድር ላይ የሚዳኙ ነበሩ። የናዳ ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ነበር። ናዳው መጣ፤ ሦስት ሰው ሞተ። ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጆን ብራንች ጽፎት በ2013 ፑሊትዘር ተሸለመበት። እሱን ሳነብ ያስደነገጠኝ ናዳው አይደለም። ከመውረዳቸው በፊት ብዙዎቹ በልባቸው «ዛሬ ልክ አይደለም፤ ሰውም በዝቷል» ብለዋል። ከአፉ ያወጣው የለም።

ጋሼ፦ ይሉኝታ ነዋ! እኔ የኛ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሚጡ፦ እያንዳንዱ «እገሌ እያለ እኔ ማነኝ?» አለ። እገሌም እንደዚያው።

ጋሼ፦ ጦር ሜዳ ላይ አይቼዋለሁ። ሻለቃው ካርታው ላይ የጠቆመው ቦታ ስሕተት መሆኑን ሦስታችን እናውቃለን፤ ሦስታችንም ዝም። እሱን ተዪው። አንቺስ? ከአፍሽ ታወጪያለሽ?

ሚጡ፦ የካቲት ላይ በርተድ ፓስ ሄደን ነበር፤ ሦስት ሆነን። ሌሊቱን ጥሎ አድሯል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ተዳፋቱ ላይ አንድም ዱካ የለም። ቆፈርን። ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አካፋ የሚያህል ወርድ ያለው ዓምድ በመጋዝ ይቆረጣል፤ የአካፋው ብረት አናቱ ላይ ይቀመጥና በእጅ ይመታል። መጀመሪያ ከአንጓ አሥር ጊዜ፣ ቀጥሎ ከክርን አሥር፣ ከዚያ ከትከሻ አሥር። ከአንጓ ስመታው ምንም። ከክርን ገና ስጀምር ዓምዱ ከሥሩ ተቆርጦ ወጥ ሆኖ እጄ ላይ መጣ። የተቆረጠበትን ሳይ ፍሬዎቹ እየተንከባለሉ ጓንቴ ላይ ይወርዳሉ። «እኔ አልወርድም» አልኩ። አንደኛው ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ለዚያች ቀን ሥራ ቀርቶ ነበር የመጣው። ቢሆንም በደን ውስጥ በለዘበው በኩል ተመለስን።

ጋሼ፦ ተመስገን።

ሚጡ፦ ይቆዩኝ፣ አላለቀም። መኪናችን ጋ ሳንደርስ ሌሎች አራት ልጆች መጡና ያንኑ ተዳፋት ወረዱት። እየጮሁ፣ እየሳቁ፣ አንድ በአንድ። ምንም አልሆኑም። ቪዲዮውን ማታ ላይ አየነው፤ የክረምቱ ምርጥ ነበር።

ጋሼ፦ ተናደድሽ?

ሚጡ፦ በጣም። ንዴቱ ሲበርድ ሌላ ነገር ነው የከነከነኝ። እኔ ነኝ ልክ፣ እነሱ ናቸው? ማን ይንገረኝ? ያልተናደ ተዳፋት «ጎበዝ ነበርሽ» አይልም፤ «ዕድለኛ ነበራችሁ» አይልም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ስሕተት እየሠራ በሰላም ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ ያ ሃያ ዓመት ልምድ ተብሎ ይከበርለታል፤ ሌሎችም ይከተሉታል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሁሉ የወጣለት ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ የተመለሰ ሰው ፊልም ሲሠራበት አይቼ አላውቅም።

ጋሼ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ያ አይደለም። ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ ሲያንቀላፋ ነድቶ የገባ ሁሉ በማግስቱ «እኔ እንቅልፍ አይጥለኝም» ይላል። የሚያሳስበኝ የልጁ ፊት መለዋወጥ ነው። ዛሬ አንድ ጊዜ እንቢ አልሽ። ነገ እንደገና እንቢ ስትዪ «ይቺ ፈሪ ናት» ብለው ሳይጠሩሽ ይሄዳሉ። ላለመቅረት ስትዪ አንድ ቀን ዝም ትያለሽ።

ሚጡ፦ …አዎ። መጋቢት ላይ አንድ ጊዜ ሳይጠሩኝ ሄደዋል።

ጋሼ፦ ይኸው!

ሚጡ፦ ሌሎች ሰዎች አገኘሁ። በዕድሜ ከኔ የሚበልጡ ሁለት ሴቶች፤ አንዷ ነርስ ናት። እነሱ ገና ፓርኪንግ ላይ ሳሉ ነው የሚጠያየቁት። «ዛሬ እንቢ ለማለት የሚያበቃሽ ምንድን ነው?» ይባባላሉ፤ ሁሉም በየተራ ይመልሳል። የመጀመሪያ ቀን አሳቀኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መሰለኝ። እንቢ ያለ ሰው ካለ ምክንያት አይጠየቅም፤ ሁሉም ይመለሳል። ከነሱ ጋር የሄድኩባቸው ቀኖች ብዙ ፓውደር የላቸውም። ፀሐይ ያየው፣ ሰው የረገጠው፣ ዛፍ የበዛበት ነው። ግን ስወርድ ሌላ አላስብም።

ጋሼ፦ ነርሷን አገናኚኝ። ለእናትሽ የሷን ስም ነው የምነግራት።

ሚጡ፦ አገናኝዎታለሁ። ጋሼ፣ ከፊት ያሉት እየተንቀሳቀሱ ነው።

ጋሼ፦ አየሁ አየሁ። (ሞተሩን ያስነሳሉ።) አንድ ነገር ግን፤ ያ የናዳ ማስጠንቀቂያ የምትዪው እኔም ስልክ ላይ ይገባል?

ሚጡ፦ የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ያወጣል። ከአንድ እስከ አምስት ነው ደረጃው። አካባቢውን መርጠው ያነባሉ፤ በቀለም ነው፣ አይከብድም።

ጋሼ፦ አራትና አምስት ሲል እደውልልሻለሁ።

ሚጡ፦ አራትና አምስት ሲልማ ሁሉም ሰው ይፈራል፤ ብዙው ቤቱ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሞተው ሦስት ሲል ነው። ሦስት ሲሆን ተራራው ቆንጆ ነው፣ በረዶው አዲስ ነው፣ ግማሹ ተዳፋት ደህና ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሦስት ሲል እደውላለሁ። አትሄጂም።

ሚጡ፦ አልሄድም ብዬ አልዋሽዎትም። ሦስት ሲል እሄዳለሁ፤ የት እንደምሄድ ነው የሚለወጠው። ሲደውሉ «የት ነሽ?» ብለው አይጠይቁኝ። «ተዳፋቱ ስንት ዲግሪ ነው? ከላዩስ ምን አለ?» ይበሉኝ።

ጋሼ፦ ስንት ሲሆን ነው የምቆጣው?

ሚጡ፦ ከሠላሳ ሲያልፍ።